«እዚያ ኮሌጅማ አይሆንም!»፦ የአዲስ አበባ ወላጅ የሚፈራው ምኑን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን የአዲስ አበባ ወላጅ ስልክ አያርፍም። አክስት ትደውላለች፣ የሥራ ባልደረባ ይጠየቃል፣ አምና ልጁን ያስገባ ጎረቤት ቡና ይጠራል። ወሬው ግን ስለ መምህራኑ ወይም ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም። «ያኛው እንኳን የጭፈራ ነው አሉ።» «የሀብታም ልጅ መፈንጫ ነው።» «የእንትና ልጅ እዚያ ገብታ አይደል የተበላሸችው?» በቃ፣ ኮሌጁ ከዝርዝር ወጣ።

ስጋቱን አላቃልልም። በዚህ ከተማ ልጅ እያሳደገ የሚጠረጥር ሰው አይፈረድበትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ግን ወላጆች የሚጠረጥሩትን ስሰማ አብዛኛው ስለ ኮሌጁ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ነው። የሚጠብቁትም ማታውን ነው። ልጆቹ የሚጠፉት ግን ቀን ነው።

በመጀመሪያ ወላጅ መምረጥ የሚችለው የት እንደሆነ እንይ። ለአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። ሐዋሳም ይድረሰው ጅማ፣ ባሕር ዳርም ይድረሰው ሐረማያ፣ አባት «ስሙን አልወደድኩትም» ቢል ሰሚ የለውም። ያውም ይህ ዕድል የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ሌላው በሪሚዲያል ይሞክራል ወይም ቴክኒክና ሙያ ይገባል። የግል ኮሌጅ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ከፋዩ ወላጅ ነው፣ መራጩም ወላጅ ነው። ስለ «ስም» የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚፈላው እዚህ ነው።

ስሙ ከየት ይመጣል? መሀል ከተማ ያለ የግል ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ ግቢ የለውም። ሕንፃ ነው፣ ያውም የጋራ። ምድር ቤቱ ላይ ባንክና ጁስ ቤት አለ። አንደኛ ፎቅ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ኮሌጁ፣ ከዚያ በላይ ሬስቶራንት። በሩ ላይ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች የሚስቁበት ባነር ተሰቅሏል። ጎን ለጎን ድራፍት ቤት አለ፣ በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ለእረፍት ሲለቀቁ ተማሪው በሙሉ ደረጃው ላይና አስፋልቱ ዳር ይፈሳል። ሌላ መቆሚያ የለውማ! በታክሲ የምታልፍ እናት የምታየው ታዲያ ይህንን ነው። ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ወጣት ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ይሳሳቃል፣ ግማሹም ድራፍት ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። ማኪያቶ ይያዝ ጃምቦ፣ ከታክሲ መስኮት አይለይም። ማታ ለእህቷ ትነግራታለች፣ እህቷ ለማኅበርተኞቿ። ኮሌጁ ስም ወጣለት።

ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋ ያው ብዛት ያለው ተማሪ በያው ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሳሳቃል። ግን ግንብ አለ። ግቢው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ በርም ጥበቃም አለው፣ መታወቂያ ይጠየቅበታል። ከውጪ የሚያልፍ ሰው ተማሪውን አያየውም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በወላጅ ዓይን «ጨዋ» ነው። ከግንቡ ማዶ ያለው ድራፍት ቤት ግን ከየትም ሰፈር ድራፍት ቤት አይለይም። ወላጆቻችን ይህን አጥተውት አይደለም። የዛሬው አባት እኮ በ1990ዎቹ ስታዲየም ዙሪያ ድራፍት የለመደ ሰው ነው።

ሰፈር ስም ሲያወጣ ደግሞ ስሙ ቶሎ አይለቅም። ካዛንቺስን ውሰዱ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፊው የሰፈሩ ክፍል ፈርሷል፤ አሮጌዎቹ መሸታ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ከዚያ በፊት በ2016 ፒያሳ ፈርሷል። ወላጅ ግን ዛሬም «ካዛንቺስ አካባቢ» ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። የሚፈራው የድሮውን ማታ ነው። ከተማው ከወሬው ቀድሞ ሄዷል፣ ወሬው ገና እዚያው ቆሟል።

ይህ የ«ፈንጠዝያ ኮሌጅ» ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ጭራሽ ደረጃ ያወጡለታል። ፕሌይቦይ መጽሔት በ1987 እ.ኤ.አ. ፓርቲ የሚበዛባቸውን ኮሌጆች ዝርዝር አወጣ፤ አንደኛ የወጣው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የቺኮ ዩኒቨርሲቲ ነበር። አሁን ደግሞ ፕሪንስተን ሪቪው የሚባል ድርጅት በየጊዜው ይዘረዝራቸዋል። ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም። መለኪያው ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚሞሉት መጠይቅ ነው፦ መጠጥ ምን ያህል ይዘወተራል፣ ዕፅስ፣ ከክፍል ውጪ በቀን ስንት ሰዓት ታጠናላችሁ፣ የተማሪ ማኅበራቱ ጉልበት እንዴት ነው። ደካማ መለኪያ ነው ሊባል ይችላል። ቢያንስ ግን የሚጠየቀው እዚያ የሚማር ሰው ነው። እኛ ጋ የሚጠየቀው በታክሲ ያለፈ ሰው ነው።

ሐቁን እንናገር ከተባለ ኮሌጅ ከኮሌጅ ልዩነት አለው። ሃርቫርድ በ1993 እ.ኤ.አ. 140 ኮሌጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በአንድ መቀመጫ ከልክ በላይ የሚጠጡ ተማሪዎች በአማካይ 44 በመቶ ነበሩ። አማካዩ ግን ብዙ ይደብቃል። አንዳንድ ኮሌጅ ውስጥ ከ100 አንድ ተማሪ ብቻ ነበር፣ አንዳንዱ ውስጥ 70። ስለዚህ «የትም ይግባ፣ ዋናው ልጁ ነው» የሚለውም ወሬ ሙሉ አይደለም። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላም የተደጋገመ ግኝት አለ። ተማሪዎች ጓደኞቻቸው የሚጠጡትን መጠን ከእውነተኛው አስበልጠው ይገምታሉ። ስም የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። «ኮሌጁ የጭፈራ ነው» ተብሎ የተላከ ልጅ ገና ፍሬሽ ሆኖ ሲገባ ሁሉም የሚጠጣ ይመስለዋል። እሱም እንዳይለይ ይጠጣል። ያንን ወሬ ደግሞ ቤት ውስጥ ሲያወራ የከረመው ወላጁ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። የአሜሪካው ተማሪ ከቤት ርቆ ዶርም ያድራል፣ ፓርቲውም አርብና ቅዳሜ ማታ ነው። የአዲስ አበባው የግል ኮሌጅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከእናት አባቱ ቤት ነው የሚመላለሰው። ማታ 1 ሰዓት ካለፈ ስልክ ይጮሃል። ሴት ከሆነች ከ12 ጀምሮ ነው የሚጮኸው። ይህንን ሕግ ልጆቹ ተቀብለውታል፣ አክብረውታል፣ ፕሮግራማቸውንም በእሱ ልክ ሰፍተውታል።

የሬጉላር ተማሪ ትምህርት ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን ነው። ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30 እንበል። ቤት የሚታወቀው ግን «ኮሌጅ ውላለች» ነው። ከ6:30 እስከ ማታ 12 ሰዓት ያለውን ማን ይጠይቃል? አምስት ሰዓት ተኩል ነው። የተማረበትን ሰዓት ይበልጣል። ምሳ ይበላል። በርጫ የሚቀመጠው 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ወይ መቃሚያ ቤት፣ ወይ ቤተሰቡ ሥራ የዋለበት ጓደኛ ቤት። መጋረጃው ይዘጋል፣ ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ሀንድአውት ጭምር ይዘረጋል። «እየቃምን እናጠናለን» የሚለው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ እውነትም አይደለም። 10 ሰዓት አካባቢ ምርቃናው ይመጣል። ከዚያ ጨብሲ። ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ጃምቦ ይጠጣል፤ የሰውነቱ ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ጫቱ ስካሩን ይደብቀዋል። ጭፈራ ለሚወድ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚጀምርና የሚያልቅ የቀን ፓርቲ አለ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማስቲካ፣ ሽቶ፣ ታክሲ። ማታ ልክ 1 ሰዓት ላይ በር ይንኳኳል። እናት ሰዓቷን ታያለች። ልጁ ጨዋ ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ወይ ሱቅ ያግዛል፣ ወይ ይቸክላል፣ ወይ አልጋው ላይ ተኝቶ ቲክቶክ ያያል። ግን ሊጠፋ የፈለገ ልጅ የሚጠፋው በዚህ በኩል ነው። «እንዳታመሽ፣ በጊዜ ግባ» የሚለው ቁጥጥር አይነካውም። የኮሌጁ ስም ጨዋ ሆነ አልሆነ ደግሞ ያቺን አምስት ሰዓት ተኩል አይቀይራትም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ከወላጅም የጠበቀ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፣ ትምባሆንም እንዲሁ። ሺሻማ ለማንም ክልክል ነው። ፍሬሽ ተማሪ 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው። በሕጉ መሠረት እስከ ሦስተኛ ዓመት ድረስ ድራፍት ሊሸጥለት አይገባም። ጃምቦ ሲያዝ መታወቂያ የጠየቀ አስተናጋጅ ካጋጠማችሁ ንገሩኝ። ፖሊስ ሺሻ ቤት ገብቶ ዕቃ እንደወረሰ በየጊዜው እንሰማለን። በሳምንቱ ዕቃው ሌላ ሰፈር ይጨሳል።

ወላጅ ለሴት ልጁና ለወንድ ልጁ የሚፈራው አንድ አይደለም። ለሴቷ የሚፈራው ስሟን ነው። «ከማን ጋር ታየች?» ነው ጥያቄው። ኮሌጅ በር ላይ የሚቆሙት መኪኖች ወሬ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የምታውቁት ነው። መኪና ይዞ የሚጠብቀው ሰውዬ የኮሌጅ ተማሪ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ወቀሳው ግን ለእሱ አይደርስም። ለልጅቷና ለኮሌጁ ነው የሚከፋፈለው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ያናድደኛል።

ለወንዱ የሚፈራው ሱስ ነው። ጫት ይሸታል፣ መጠጥ ይሸታል፣ ሺሻም ልብስ ላይ ይቀራል። እናት አፍንጫዋን አምና ትፈትሻለች። ቤቲንግ፣ የስፖርት ውርርዱ፣ ግን አይሸትም። ስልክ ላይ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ከቤት ሳይወጣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከአባቱ ጋር ኳስ እያየ ይቆርጣል። የትራንስፖርትና የምሳ ብሩ እዚያ ያልቃል። ብሶበት የኮሌጅ ክፍያውን የበላም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰፈሩ «ጨዋ፣ ከቤት የማይወጣ» ይለዋል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ወላጅ ደግሞ የሚደነግጠው ሌላ ጊዜ ነው። ልጁ ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ ሲሆን! ክሬዚ ዴይ፣ ከለር ዴይ፣ ዋተር ዴይ የሚባሉ ቀኖች አሉ። ተማሪው ፊቱን ቀለም ይቀባል፣ የእናቱን ነጠላ ወይም የአያቱን ኮት ለብሶ ይመጣል፣ ውሃ ይረጫጫል። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ክፍለ ሀገር ያለች እናት ታየዋለች፣ «ልጄን ለዚህ ነው የላክሁት?» ትላለች። እንዲህ ያለው ቪዲዮ አራትና አምስት ዓመት ከቸከለ ሰው የሚወጣ የጥቂት ቀን እፎይታ ነው። ከበርጫው ጋር አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም። ዓይን የሚስበው ግን እሱ ስለሆነ የሚወቀሰውም እሱ ነው።

ብዙ ወላጅ ለዚህ ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ሃይማኖት ነው። ኦርቶዶክሱ «ግቢ ጉባኤ አለው?» ይላል፣ ሙስሊሙ ስለ ጀመዓው ይጠይቃል፣ ጴንጤው ስለ ፌሎሺፑ። ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ይሄኛው የተሻለው ይመስለኛል፣ ለሃይማኖቱ ብቻ ብዬ አይደለም። ጉባኤው ሰዓት አለው፣ የሚያውቅህ ሰው አለው፣ ስትቀር «የት ጠፋህ?» ይልሃል። ያንን የከሰዓት ባዶ ሰዓት የሚነካው ብቸኛው ጥያቄ እሱ ነው። መሀል ከተማ ያሉ የግል ኮሌጆች ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጎድላቸው ይሄ ነው። ስፖርት ሜዳ የለም፣ ክበብ የለም፣ መቀመጫ የለም። ክፍል ሲያልቅ ጥበቃው «ውጡ» ይላል፣ መንገዱ ደግሞ ክፍት ነው።

አሁን ብዙ ያልተወራበትን ልንገራችሁ። ጭፈራ ለሁሉም እኩል አይከፈልበትም። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሶሲዮሎጂስቶች አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ገብተው፣ አንድ ፎቅ ላይ የነበሩ ሴት ተማሪዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትለው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ፓርቲ የሚበዛበት ነው። ያገኙት ይህ ነው፦ የሀብታሞቹ ልጆች ጨፍረው፣ ቀላል ቀላሉን ትምህርት መርጠው፣ በዝቅተኛ ውጤት ተመርቀውም በወላጅ ገንዘብና ትውውቅ ጥሩ ሥራ ያዙ። እነሱን ለመምሰል የሞከሩት የዝቅተኛ ኑሮ ቤተሰብ ልጆች ግን ዕዳ ይዘው ቀሩ። አንዳንዶቹ የዳኑት ወደ ቀረባቸው ትንሽ ኮሌጅ ተዛውረው ነው።

ይህን ወደ እኛ አምጡት። አንድ ክፍል ውስጥ የአስመጪ ልጅና የባለ ሱቅ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ላይ ይበሉና ይቅማሉ፣ አንድ ላይም ኤፍ ያገኛሉ። ዕረፍት ሲመጣ የአንደኛው አባት «ችግር የለም፣ መጥተህ ድርጅቱን ያዝ» ይላል። የሌላኛው አባት ክፍያውን የከፈለው ከዕቁብ ነው። ስለዚህ «የሀብታም ልጆች የሚማሩበት ነው» የሚለው ወሬ ሀብታሙን ወላጅ ብዙ ባያስጨንቀው ይገባኛል። የባለ ሱቁ ጭንቀት ግን ቅናት አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ የሚዘጋበትም ቀን መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር የመንግሥት ተቋማት ከ100 ተፈታኝ 62 ገደማ አሳለፉ። የግሎቹ ያሳለፉት ከ100 ተፈታኝ 17 ገደማ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ጭፈራ ብቻውን አላመጣውም። የተማሪዎቹ መነሻ፣ የመምህር እጥረት፣ ላብራቶሪ አልባ ትምህርት ሁሉ አለበት። ግን ከዚህ በፊት ኮሌጁ በሰጠው ማርክ ይሸፈን የነበረ ነገር አሁን አይሸፈንም። ጋዋን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ድግስ ተደግሶለት ዲግሪ የሌለው ልጅ ያላቸው ቤቶች አሉ።

ታዲያ ወላጅ ምን ይጠይቅ? ኮሌጁ ልጁ በሚገባበት ትምህርትና በዚያው ሕንፃ ላይ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው፤ የአንዱ ካምፓስ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። ባለፈው የመውጫ ፈተና በዚያ ትምህርት ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ። የክፍል ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት ነው፣ በሳምንት ስንት ቀን። ይህን መጠየቅ ስለ ሰፈሩ ከመጠየቅ ይቀላል፣ መልሱም ወረቀት ላይ አለ። ከልጁም ጋር ማውራት ይጠቅማል፤ አሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ወላጅ ልጁ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ስለ መጠጥ በግልጽ ካነጋገረው በኋላ የሚጠጣው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። «እንዳትቀም!» ብሎ በር መዝጋት ግን ማውራት አይባልም።

ከሁሉም በፊት እኔ የምጠይቀው ልጁ ክፍል ሲቀር ማን እንደሚያውቅ ነው። ክፍያ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ ከኮሌጁ ስልክ ይደወላል፤ ቁጥራችሁ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። አንድ ወር ክፍል ያልገባ ልጅ ወላጅ ግን የሚሰማው ሴሚስተሩ አልቆ ነው። ሬጅስትራሩ ሲጠየቅ «ተማሪው 18 ዓመት ሞልቶታል፣ የራሱ ጉዳይ ነው» ይላል። በሕጉ ልክ ነው። ስለዚህ አቴንዳንሱን ወላጅ እንዲያይ ልጁ ራሱ ቢፈርም ነው የሚያዋጣው። ይህን ፊርማ ጥር ላይ መጠየቅ ጠብ ያመጣል። ክፍያው ባንክ ከመግባቱ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ያለ ጭቅጭቅ ይፈረማል።